ፎቶቮይስ ከወጣቶች ጋር፦ ፎቶው ሁሉ የቆሻሻ ክምር እንዳይሆን ምን ይደረግ?

ኅብረተሰብ_ጤና፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ 20 ወጣቶች ጋር ፎቶቮይስ (ተሳታፊዎች ኑሯቸውን ራሳቸው ፎቶ አንስተው የሚወያዩበት የጥናት ዘዴ) ልንሠራ ነው። አሥሩ ከቀበሌ ቤቶች፣ አሥሩ ከኮንዶሚኒየም ሰፈር ናቸው። ማወቅ የምንፈልገው በጤና ጉዳይ ለማን ምን እንደሚጎድልና ለምን እንደሚጎድል ነው። የሙከራው ዙር ፎቶ ግን አብዛኛው የቆሻሻ ክምርና ክፍት ቱቦ ሆነ፤ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው ልዩነት አልታየም። ስልክ ይሻላል ካሜራ? ለአንድ ሰው ስንት ፎቶ ይበቃል? የሰው ፊትስ? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልን።

አመቻች፦
ችግሩ ከወጣቶቹ አይደለም፣ ከጥያቄው ነው። «ጤናን የሚጎዳ ነገር አንሱ» የተባለ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባውን ያነሳል፤ ቆሻሻ ደግሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወረፋ፣ ርቀት፣ ዋጋና እፍረት ግን ፈልገው ካልሄዱ አይገኙም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ሰዓትና ቦታ አውርዱት፦ ውኃ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ ማን ይቀዳል? ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰው ቢታመም በየት በኩል ይኬዳል? ከትምህርት በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለወጣቶች የተመደበው ክፍል ክፍት ነው? የተቆለፈ በርም ፎቶ ነው።

ለሁለቱም ቡድን በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ጥያቄ ስጡ። ፈረቃ የሚጠብቅ የጀሪካን ሰልፍና የኮንዶሚኒየም ሮቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወሬው ራሱ ይነሳል። ታዲያ ኮንዶሚኒየም ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ አትጀምሩ፤ ግፊት ሲቀንስ 4ኛ ፎቅ የሚኖረውም ጀሪካን ይሸከማል። ጤናን የሚጠብቀውንም እንዲያነሱ አድርጉ። ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ ዘዴውን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻይና፣ ዩናን ውስጥ ከገጠር ሴቶች ጋር ሲያዳብሩት ያስቀመጡት ዓላማ የማኅበረሰቡን ችግርም ጥንካሬም መመዝገብ፣ በፎቶው ላይ በጥልቀት መወያየትና ወደ ውሳኔ ሰጪዎች መድረስ ነበር። የመጀመሪያው ብቻ ከተሠራ የፎቶ ውድድር ሆኖ ይቀራል።

ሰዓቱን አስሉ። ለአንድ ፎቶ 10 ደቂቃ ብትሰጡ፣ 10 ሰው ሁለት ሁለት ፎቶ ይዞ ሲመጣ 200 ደቂቃ ነው፤ ማንም አይችለውም። አምስት አምስት ሰው ያላቸው አራት ቡድኖች ይሻላሉ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 100 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት 15 ያህል ያንሱ፣ ሁለቱን ራሳቸው ይምረጡ፣ በእያንዳንዱ ሥር ከ3 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። እናንተ ከመረጣችሁላቸው ዘዴው እዚያው ላይ ሞተ።

በውይይቱ አምስቱን የተለመዱ ጥያቄዎች ተጠቀሙ፦ ምን ይታያል? በእውነት ምን እየሆነ ነው? ከእኛ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው? ለምን ሆነ? ምን እናድርግ? እንደ ፈተና በተራ ከተጠየቁ ግን መልሱ አጭርና ደረቅ ይሆናል። ኢፍትሃዊነቱ ያለው አራተኛው ላይ ነው፤ ግማሹን ጊዜ ለእሱ ስጡ። «ሰው ግድ ስለሌለው» ሲሉ እዚያ አትቁሙ፣ እንደገና «ለምን?» በሉ።

የመስክ_ፎቶ፦
ስልክ ይሻላል፤ ግን «የራሳችሁን አምጡ» አትበሉ። ስልክ የሌለው ወጣት የምትፈልጉት ልዩነት ራሱ ነው፤ እሱ ከቀረ ጥናቱ ጎደለ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ስልክ አውሱ፣ ካልሆነ ለሁለት አንድ። ከተሰረቀ ወጣቱ እንደማይከፍል ቀድማችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው በቀን ይሂዱ።

ከካሜራው ላይ ፎቶው የት እንደተነሳ የሚመዘግበውን የቦታ ምልክት አጥፉ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል፤ «ፋይል» ብለው ይላኩ። ኤ3 ላይ ለማተም ቢያንስ 1754 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል።

ፈቃዱ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የተሳታፊው ነው፤ ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማና የራሱ እሺታ፣ ሁለቱም። ቀጥሎ ፎቶ የሚነሳው ሰው፣ ከመነሳቱ በፊት። በመጨረሻ እያንዳንዱ ፎቶ ለአዳራሽ ብቻ ወይስ ለኢንተርኔትም እንደሆነ ለየብቻ ይጠየቃል። ፊት ማደብዘዝ አያድንም፤ ሰፈርተኛው በዩኒፎርሙ፣ በግቢው በር ይለያል። እጅን፣ ጫማን፣ ዕቃን ማንሳት ይልመዱ። ታካሚና የሕክምና ካርድ በፍጹም አይነሱ፤ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ አለው። ፖሊስ ጣቢያና ወታደራዊ ቦታ አጠገብ ካሜራ አይውጣ። ማኅተም ያለው የወረዳ ደብዳቤ ቅጂ እያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ ይኑር።

ሲስተር፦
ሴቶቹንና ወንዶቹን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለዩአቸው። ወንዶች ባሉበት ስለ ሞዴስ ዋጋና በሩ ስለማይዘጋ የትምህርት ቤት ሽንት ቤት የምትናገር ልጅ ጥቂት ናት። ፎቶ ሲወራ ጥቃትም ሊወጣ ይችላል፤ ወዴት እንደምትልኳት ከመጀመሩ በፊት ስልክ ቁጥሩ በእጃችሁ ይኑር። የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፎቶዎቹ ለሕዝብ ለሚታዩበት ኤግዚቢሽን ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ፤ በራሱ ሥልጣን ምን መቀየር እንደሚችል ጠይቁት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለውን የወጣቶች ክፍል የሥራ ሰዓት ማዛወር ምናልባት በእጁ ነው፣ የውኃ መስመር አይደለም።

ኅብረተሰብ_ጤና፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንዱ ወጣት ፎቶው ከታተመ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

የመስክ_ፎቶ፦
ከኅትመት 7 ቀን በፊት ሁሉም የራሱን ፎቶና ጽሑፍ በወረቀት አይቶ «ይውጣ» ወይም «ይቅር» ብሎ ይፈርም። ከዚያ በኋላም ቢቀየር ከግድግዳው አውርዱት፤ ኢንተርኔት ላይ የወጣው ግን እንደማይመለስ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።