ለረጅም ፊልሞች ዕረፍት ይመለስ ወይስ አይመለስ? የተመልካች ድካምና የፊልም ርዝመት

የመነሻ ሐሳብ፦ ተራ ተመልካች

የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ጊዜ ሲኖረኝ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ፊልም የማይ፣ የዳይሬክተሩን ስም አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የምፈልግ ተመልካች ነኝ። ባለፉት ሳምንታት ስማቸውን ደጋግሜ የሰማኋቸውን አምስት ፊልሞች በተከታታይ አየሁና አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ፤ ለክርክር የማቀርበውም እሱን ነው። ፊልሞች ያለ በቂ ምክንያት ረዝመዋል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚያልፍ ፊልም በመካከሉ ዕረፍት ሊኖረው ይገባል፤ የተመልካች ድካምም ስለ ፊልሙ የሚሰጥ ምስክርነት እንጂ የተመልካቹ ድክመት ተደርጎ መቆጠር የለበትም እላለሁ። ፊልሞቹን ገና ያላያችሁ ታሪካቸውን እየጠቀስኩ እንደምናገር ከወዲሁ እወቁልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ክሪስቶፈር ኖላን የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ ስለመራው ሳይንቲስት ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን «ኦፐንሃይመር» ነው። ርዝመቱ 180 ደቂቃ ነው። የአቶሚክ ቦምቡ ሙከራ የሚደረግበትን ትዕይንት መቼም አልረሳውም፤ ብርሃኑ ማያውን ከሞላው በኋላ ድምፁ ወዲያው አይመጣም፤ የሰዎቹን ትንፋሽ ብቻ እየሰማን እንጠብቃለን፤ ፍንዳታው የሚደርሰንም አለፈ ብለን በተዘናጋንበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ የምርመራና የሹመት ማጽደቂያ ክርክር ይቀጥላል። ለዚያ ክፍል የተረፈኝ ትኩረት አልነበረም። በጥቁርና ነጭ የሚታየው ባለሥልጣን ለምን ቂም እንደያዘ ለመከታተል እየታገልኩ፣ ሳላስበው ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ።

ቀጥሎ ያየሁት የማርቲን ስኮርሴዚ «ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በኦክላሆማ፣ በነዳጅ ዘይት ሀብታቸው ምክንያት የተገደሉትን የኦሴጅ (ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ) ሕዝብ አባላት ታሪክ ይናገራል። ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ትወናውም እንደዚያው። ሆኖም የግድያዎቹ ጠንሳሽ ማን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ሰዓት አውቀናል፤ የቀረው ጊዜ በሙሉ ያወቅነው ነገር ሲፈጸም ማየት ሆነብኝ።

ሌሎቹን ሁለት ከእነዚህ ጋር አነጻጽሯቸው። በጆናታን ግሌዘር የተዘጋጀው «ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት» 105 ደቂቃ ብቻ ነው። በአውሽቪትስ የእልቂት ካምፕ አጥር ሥር አበባ እያለማ የሚኖረውን የካምፑን አዛዥ ቤተሰብ ያሳያል፤ ከግንቡ ማዶ ያለውን ግፍ አንድም ጊዜ በዓይናችን አናየውም፤ የምንሰማው ብቻ ነው። የላትቪያው «ፍሎው» ደግሞ በ85 ደቂቃ ውስጥ፣ አንድም የሰው ቃል ሳይነገርበት፣ ጎርፍ ከዋጠው ዓለም በጀልባ የምትሸሽን ድመት ታሪክ ይነግረናል። ሁለቱም የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል፤ በሁለቱም ላይ ሰዓት አላየሁም። አምስተኛው የብሬዲ ኮርቤት «ዘ ብሩታሊስት» ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ ግን በመካከሉ ፊልም ሠሪው ራሱ ያስገባው የ15 ደቂቃ ዕረፍት አለው። ከአምስቱ ረጅሙ እሱ ሆኖ ሳለ «ኦፐንሃይመር»ን ያህል አላደከመኝም። ለዚህ ነው ዕረፍት ይመለስ የምለው።

መልስ፦ የፊልም ኤዲተር

ወንድሜ፣ ስሜትዎን በግልጽ ስላስቀመጡት አከብረዋለሁ፤ በድምዳሜው ግን አልስማማም። እኛ የተቀረጸውን ምስል እየቆረጥን የምናቀናብር ኤዲተሮች አንድን ትዕይንት የምንመዝነው በደቂቃ አይደለም። የምንጠይቀው ጥያቄ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ተመልካቹ ስለ ሰዎቹ የሚያውቀው ወይም የሚሰማው ነገር ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚል ነው። ካልተለወጠ አርባ ሰከንድም ይበዛል፤ ከተለወጠ አሥር ደቂቃም ያንሳል።

ፊልም ረዘመ ብሎ መቁረጥ ምን እንደሚያስከትል አንድ ታሪክ ላንሳ። ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ» 229 ደቂቃ ነበረ። የአሜሪካው አከፋፋይ የተመልካቹን ድካም በመፍራት ወደ 139 ደቂቃ አወረደው፤ በዚያም ሳያበቃ ባለታሪኩ በእርጅናው ዘመን እያስታወሰ ወደ ልጅነቱ የሚመላለስበትን አወቃቀር አፍርሶ ሁሉንም ነገር በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደረው። የተገኘው ፊልም አጠረ እንጂ አልቀለለም፤ ሰዎቹ የሚያደርጉትን ነገር ለምን እንደሚያደርጉ የሚያስረዳው ክፍል ስለጠፋ ለመከታተል ይበልጥ አስቸጋሪ ሆነ። ዛሬ የሚከበረው ረጅሙ ቅጂ ነው። የሚያደክመን ርዝመት ሳይሆን ምክንያቱ ያልገባን ነገር ነው።

ስለ ዕረፍቱም ልናገር። «ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን» በወጣበት ወቅት አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች በራሳቸው ውሳኔ ዕረፍት አስገብተው ነበር፤ የፊልሙ ኤዲተር ቴልማ ስኩንሜከር ይህ ትክክል አይደለም ብለው ተቃወሙ፤ እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። የትንፋሹን መጠን ለክቶ ያቀናበረው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የማያውቀው እጅ ገብቶ መሃሉን መቁረጥ የለበትም።

መልስ፦ ከአባቷ ጋር ፊልም የምታይ

የኤዲተሩን ሐሳብ በአክብሮት አነበብኩት፤ ነገር ግን ስለ ትንፋሽ ሲነሳ ስለ ሰውነትም ይነሳ። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በሚወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ምክንያት ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይነሳ መቀመጥ አይችልም። ይህንኑ የስኮርሴዚን ፊልም አብረን አየን። እስከ መጨረሻው አካባቢ ራሱን አስጨንቆ ቆየ፤ በመጨረሻ ግን አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ በሰዎች ጉልበት መካከል እያለፈ ወጣ። ሲመለስ የኦሴጅ ተወላጇ ባለታሪክ ሞሊ፣ ባሏን ይወጋት በነበረው መርፌ ውስጥ ምን እንደነበረ የምትጠይቅበት ትዕይንት አልፎ ነበር። ከወጣን በኋላ «ልጄ፣ ሴትየዋ በመጨረሻ ምን አለችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሷ ስትጠይቀው፣ እሱ ኢንሱሊን ብቻ ነው ብሎ ሲመልስ፣ እሷም ምንም ሳትጨምር ተነሥታ ስትሄድ የፊቷን ሁኔታ ግን በቃል ልነግረው አልቻልኩም።

የሦስት ሰዓት ተኩል ትዕግሥቱ በሙሉ ለዚያች ደቂቃ የተከማቸ ነበር፤ እሷኑ አጣት። ፊልሙ በማንም እጅ መቆረጥ የለበትም ከተባለ የአባቴ ፊልም በማን እጅ ተቆረጠ?

መልስ፦ የማሳያ ክፍል ባለሙያ

ለብዙ ዓመታት ፊልም ከማሳያ ክፍሉ ሆኜ ሳሳይ ስለኖርኩ ከክርክሩ የጎደለ የመሰለኝን ልጨምር። ፊልም በሚጠቀለል ፕላስቲክ ላይ ታትሞ ይመጣ በነበረበት በሴሉሎይድ ዘመን ርዝመት ክብደት ነበረው። በሴኮንድ 24 ምስል የሚያልፍበት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ሺህ ጫማው የሚበቃው ለ11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በብዙ ጥቅል ተከፋፍሎ ነበር የሚመጣው፤ ሁለት ማሳያ መሣሪያ ያለው ቤት አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያስነሣል፤ አንድ ብቻ ያለው ቤት ግን ጥቅሉን እስኪለውጥ ድረስ ተመልካቹ በጨለማ ይጠብቃል። «ኦፐንሃይመር» እንኳ ለግዙፍ ማያ በተሠራው የ70 ሚሊ ሜትር የአይማክስ ቅጂው ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና 270 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው። ፊልሙ በዲጂታል ፋይል መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን 90 ደቂቃውም 206 ደቂቃውም ለእኛ አንድ ነው፤ ማስጀመሪያውን መጫን ብቻ ነው። ፊልም ሠሪውን «በቃ» የሚለው አካላዊ ነገር ጠፍቷል፤ አንዱ የርዝመት ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ዕረፍትም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1939ኙ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እና የ1962ቱ «ሎረንስ ኦቭ አረቢያ» ዕረፍታቸውን ይዘው ነው የተሠሩት፤ በሕንድ ፊልሞች ዘንድም የድርሰቱ አወቃቀር ራሱ ዕረፍቱን አስቦ ስለሚጻፍ የመጀመሪያው አጋማሽ የሚያበቃው ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። የት ላይ እንደሚቆም ሳይነገረን በግምት ያቆምንባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ተዋናይዋ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ መብራት አበራን። አዳራሹ በሙሉ በማጉረምረም ወደ እኔ መስኮት ዞረ። ዛሬም ሲታወሰኝ ይቆጨኛል። ኤዲተሩ የሚሉት ጉዳት በእርግጥ አለ፤ መድኃኒቱ ግን ዕረፍትን መከልከል ሳይሆን ቦታውን ሠሪው ራሱ እንዲወስን ማድረግ ነው።

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር

የመነሻ ሐሳቡ ጸሐፊ ድካምን ምስክር አድርገው አቀረቡ። እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ምስክር ከቀረበ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። የደከመኝ ፊልሙ የሚለው ስላለቀበት ነው? ወይስ የሚለውን መስማት ስለከበደኝ? ወይስ ድካሙ ራሱ እንዲሰማኝ የታሰበ ነገር ነው?

ለሦስተኛው ዓይነት የሻንታል አከርማንን እ.ኤ.አ. የ1975ቱን «ዣን ዲልማን» ልጥቀስ። 201 ደቂቃ ነው፤ የአንዲትን መበለት የሦስት ቀን ኑሮ ያሳያል። አልጋ ስታነጥፍ፣ ሳህን ስታጥብ፣ ድንች ስትልጥ፣ መብራት ስታጠፋ እናያለን፤ ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ሥራዋም አያጥርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው በመጀመሪያው ሰዓት ልተወው ደርሼ ነበር። ነገር ግን ሥርዓቷን ከእሷ እኩል አውቄው ኖሮ፣ ድንቹ ከመጠን በላይ ሲበስልባት፣ ማንኪያ ከእጇ ሲወድቅ፣ ደነገጥኩ። በሌላ ፊልም ቤት ሲቃጠል ያልደነገጥኩትን ያህል በማንኪያ ደነገጥኩ። ይህን ድንጋጤ በ90 ደቂቃ ማምጣት አይቻልም፤ የተገዛው በእኔ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት የዓለም ተቺዎችን አስተያየት ሰብስቦ ይህንኑ ፊልም ከሁሉም ቀዳሚ አድርጎ አስቀምጦታል።

ስለዚህ ጸሐፊው «ያወቅነው ነገር ሲፈጸም ማየት» ብለው ያማረሩበትን እንደገና እንዲያስቡት እለምናለሁ። የሞሊ ኑሮ እኮ ያ ነበር። ቤተሰቧ አንድ በአንድ ሲያልቅ እያየች፣ መርዝ የተቀላቀለበትን መርፌ ከምትወደው ሰው እጅ እየተቀበለች ኖራለች። ማን ገዳይ እንደሆነ አስቀድመን ማወቃችን ወንጀል ፈልፋይ ከመሆን አውጥቶ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠን።

መልስ፦ ተራ ተመልካች

መምህር፣ መስቀለኛ ጥያቄዎን ተቀብዬ በተግባር ሞከርኩት። «ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን»ን ቤቴ ሆኜ ለሁለት ምሽት ከፍዬ እንደገና አየሁት። በሁለተኛው ምሽት፣ ባልየው መርፌውን ሲያዘጋጅ ያን የመርዝ ጠብታ ወደ ራሱ መጠጥ ጨምሮ ሲጠጣው በደንብ አየሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ትዕይንት አይቼው ነበር፤ ግን ትርጉሙ አልገባኝም፤ በሦስተኛው ሰዓት ላይ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚያየው። ይህ ሰው የሚያደርገውን እያወቀ፣ ግን እንዳያውቅ እየለመነ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። ስለዚህ በዚህ ፊልም ላይ የሰጠሁትን ፍርድ አነሣለሁ፤ የመጨረሻው አጋማሽ ትርፍ አይደለም።

በ«ኦፐንሃይመር» ላይ ግን አልተለወጥኩም። እሱንም ደግሜ አየሁት፤ ቂሙ ከየት እንደመጣ በሚገባ ተከታተልኩ፤ ገብቶኝም ግን የባለሥልጣኑ የሹመት ጉዳይ ከቦምቡ በኋላ የሚመዝን ሆኖ አላገኘሁትም። አሁን ያ ድካም ሳይሆን አስተያየት ነው።

ስለ አባትዎ የጻፉት እኅቴ፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነገር ነው። ዕረፍት ለሰነፍ ተመልካች የሚሰጥ ችሮታ አድርጌ አቅርቤው ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። እኔ ደግሜ የማየት ዕድል ስላለኝ ነው ፍርዴን ማንሣት የቻልኩት፤ እርሳቸው ያችን ደቂቃ አጥተዋታል። ኤዲተሩን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በሌላ ሰው እጅ መቆረጡን መቃወምዎ ገብቶኛል። ቆራጩ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ፊልም የት ላይ ያቆሙት ነበር?

መልስ፦ የፊልም ኤዲተር

ለሁለት ቀን አሰብኩበት፤ የእኅታችንም ጽሑፍ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዕረፍት የፊልሙ አካል ሆኖ በሠሪው ከተቀመጠ ተቃውሞዬን እተዋለሁ። የሞሊ እህት የሬታ ቤት በፈንጂ ከወደመ በኋላ ባልየው ወደ ሞሊ ተመልሶ ይመጣል፤ ገና ምንም ሳይናገር ፊቱን አይታ ታውቃለች፤ ትጮኻለች። ጩኸቱን እስከ መጨረሻው አሰማው ነበር፤ ከዚያ ማያው ይጨልም፣ የአዳራሹ መብራት ቀስ ብሎ ይብራ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ያለ ሙዚቃ።