ሁለተኛ ራውተር ስንጨምር ፕሪንተሩ ጠፋ፤ እንዴት ይገናኙ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ ላይ ባለ 4 ክፍል ቢሮ ነው። ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር የመጣው ዋናው ራውተር (አድራሻው 192.168.1.1) እና ፕሪንተሩ እንግዳ መቀበያው ጋ ናቸው። ዋይፋይ ወደ ኋላ ክፍሎች ስለማይደርስ ሌላ ራውተር በኬብል ጨመርን፤ ኬብሉ ዋን (ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚገባበት ቀዳዳ) ላይ ነው የተሰካው። ኢንተርኔት በሁለቱም ይሠራል፣ የኋላ ላፕቶፖች ግን ፕሪንተሩን አያገኙትም። ለባለጉዳዮችም የተለየ ዋይፋይ እንፈልጋለን።

መልስ 1፦ የተበላሸ ዕቃ የለም። በዋን ሲሰካ ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ላፕቶፑ ፕሪንተር ሲፈልግ ደግሞ ፍለጋው ከራሱ ኔትወርክ አይወጣም።

ራውተሩ አክሰስ ፖይንት ሞድ (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር የዋናውን ብቻ የሚያዳርስበት ቅንብር) ካለው እሱን ምረጡ፤ አለቀ። ከሌለው ከዋናው ነቅላችሁ ላፕቶፕ በላን (ለውስጥ መሣሪያዎች በተሠራው ቀዳዳ) ሰኩበትና የላን አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉ። በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡ፣ የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ጨርሱ፣ በመጨረሻ ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፉ። ከዚያ ከዋናው የሚመጣውን ኬብል ዋን ላይ ሳይሆን ከላን ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩ። ዲኤችሲፒውን ቀድማችሁ ካጠፋችሁ ላፕቶፑ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አያገኝም፤ በእጅ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው።

ማጥፋቱን ከረሳችሁት ግን ጉዱ የባሰ ነው። ሁለቱም ራውተሮች አይፒ ያድላሉ፤ ከሁለተኛው የወሰደ ላፕቶፕ መውጫዬ 192.168.1.2 ነው ብሎ ኢንተርኔት ያጣል፣ አጠገቡ ያለው ይሠራል። ሰው መስመሩን ሲወቅስ ይውላል።

ዋናው ላይ ዲኤችሲፒው ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ብቻ እንዲያድል አድርጉ፤ 192.168.1.2ን ለሌላ እንዳይሰጥ ነው። ለፕሪንተሩም በማክ አድራሻው (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) ቋሚ አይፒ ያዙለት፤ አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ሊቀየር ይችላል።

መልስ 2፦ በተባለው ላይ ልጨምር፤ የባለጉዳዮቹን ዋይፋይ ከዋናው ራውተር ላይ ክፈቱ። አክሰስ ፖይንት የሆነ ራውተር ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው፤ እንግዳው እዚያው የቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ይገባል። በስልክ የእንግዳውን ዋይፋይ ይዛችሁ የፕሪንተሩን አይፒ ብራውዘር ላይ ጻፉ። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ አልተለየም። ለእንግዳው ዋይፋይ የፍጥነት ገደብ ካደረጋችሁም የሚሠራው ዋናው ላይ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የሁለቱ ራውተሮች የቢሮ ዋይፋይ ስም አንድ ይሁን?

መልስ 1፦ አዎ፤ ስሙ፣ የይለፍ ቃሉና የደኅንነት ዓይነቱ አንድ ይሁን። ቻናሉ (የሚሠራበት የሬዲዮ መስመር) ግን ይለያይ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱን 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርጉ። እንደዚያ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ የጎረቤት ዋይፋይ ስለሚበዛ 40 አያዋጣም።

መልስ 3፦ ኬብሉንም እዩት። ከ8ቱ ሽቦዎች 4ቱ ብቻ ከታሰሩ ፍጥነቱ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ደብሊውፒኤስንም (የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) በሁለቱም ራውተሮች ላይ አጥፉት።