ክሎሪኑ ታችኛው ፎቅ ሳይደርስ ያልቃል፤ የምታውቁ እርዱን

ጤና ይስጥልን። ሐዋሳ፣ የተማሪዎች ዶርም ጣሪያ ላይ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። 65 በመቶ ክሎሪን ያለው ዱቄት 31 ግራም በባልዲ በጥብጠን፣ ዝቃጩን አስቀርተን፣ ጥርት ያለውን ብቻ እንጨምራለን፤ በሊትር 2 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሮቶው ላይ ነፃ ክሎሪን (ገና ያልተበላው፣ ጀርም ለመግደል የቀረው) በሊትር 0.6 ሚሊግራም ይነበባል። ታችኛው ፎቅ ቧንቧ ላይ ግን ዜሮ! ቢያንስ 0.2 መገኘት ነበረበት።

ነፃ ክሎሪን መኖሩን በቀለም የሚያሳየውን የዲፒዲ ቁጥር 1 መመርመሪያ ክኒን ስንጨምር የታችኛው ፎቅ ውሃ ሮዝ አይሆንም። የተጣመረውንም ጨምሮ የሚያሳየው ቁጥር 3 ሲጨመርም ያው ነው፤ ስለዚህ ከአሞኒያ ጋር የተጣመረ ክሎሪንም የለም፣ ጨርሶ ተበልቷል። ውሃው ድፍርስ አይደለም፣ ፒኤቹም 7.6 ነው።

የምንጠረጥረው ቧንቧው ውስጥ የተጋገረውን አተላ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መስመሩ ባዶውን ያድራል። መጠኑን ዝም ብሎ መጨመር አይዋጥልንም፤ ሽታው ሲከፋ ተማሪው ፊቱን ወደ ጉድጓድ ውሃ ያዞራል፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ደግሞ ፍሎራይድ ይበዛል፣ ማፍላትም አያስወግደውም።

ሮቶውን አጥበን መስመሩን በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ባለው ውሃ (ለሙሉ ሮቶ 770 ግራም ዱቄት) ሞልተን 24 ሰዓት ለማሳደር አስበናል። የከበደን ተማሪዎቹ እዚያው መሆናቸው ነው፤ አንዱ ሳያውቅ ቢጠጣውስ? ፎቅ በፎቅ እየዘጋችሁ ያጠባችሁ ካላችሁ፣ ከላይ ነው ከታች የሚጀመረው? የዛገ የብረት ቧንቧስ ከታጠበ በኋላም ክሎሪን መብላቱን ይቀጥላል?