የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፦ «የሕዝብ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው መከራከሪያ፦ የሐይቁ ዳርቻ ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ አይሁን? የተሳደበ ከግሩፑ ይወጣል።

የአቶቴው ልጅ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ሐይቁ የሕዝብ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ራሱ ውሃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። አለቀ።

የፒያሳው፦ አላለቀም። የቀበሌው ቢሮም የሕዝብ ነው። ማታ ገብተህ ትተኛለህ?

የአቶቴው ልጅ፦ ነገር አታዙር። ዳርቻው ለሪዞርት ተሸጦ አልቋል ነው የምልህ።

የፒያሳው፦ የተሸጠ ነገር የለም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 አንብብ፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሊዝ ነው የተሰጠው።

ሻይ ሻጯ፦ ልጆቼ፣ ተሸጠ በሉት ሊዝ በሉት፣ አጥሩ ጋ ስደርስ ዘበኛው የሚለኝ ያው ነው። «ወዴት ነው?»

የፒያሳው፦ እትዬ፣ እሱስ ልክ ነዎት።

መምህሩ፦ አንዱ ባለቤቱ ማነው ይላል፣ ሌላው ማን ይግባ ይላል። እንዲህ እያላችሁ እስከ ነገም አትገናኙም። ደግሞ «ዳርቻ» የምትሉት የቱን ነው? ሐይቁ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚያስወጣው ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲበዛ ውሃው ይሞላል፣ ሲያንስ ይሸሻል። ዘንድሮ ደረቅ ያልነው መሬት ሌላ ጊዜ ውሃ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ከየት እስከ የት እንደሆነ ንገሩኝና ከዚያ እከራከራለሁ።

የአቶቴው ልጅ፦ እሺ መምህር። እኔ ክፍት ይሁን ስል እግረኛ የውሃውን ዳር ይዞ ሳይከፍል ይሂድ ነው። ሪዞርት ገብቼ በነፃ ማኪያቶ ልጠጣ አላልኩም።

የፒያሳው፦ ይሄን ቀድመህ ብትል ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ። በእሱ እስማማለሁ። ግን ነፃ የሆነ ቦታ ሁሉ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ የዓሣ አጥንትና የፕላስቲክ ክምር ነው።

ሻይ ሻጯ፦ አጥንቱን ተዉት፣ ያ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ይጨርሰዋል። የፕላስቲኩን ነገር ተነጋገሩ።

የፒያሳው፦ እኮ! ለሚያነሳው ሰው ደመወዝ ከየት ይምጣ?

የአቶቴው ልጅ፦ ከሊዙ ገቢ። አልተሸጠም ብለኸኝ የለ? እንግዲያው ኪራዩ የት ይገባል?

የፒያሳው፦ እሱን ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቅ። እኔ ገንዘብ ያዥ አይደለሁም።