«የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን በአማርኛ ጽሑፍ ለማሳየት የቀረበ ዕቅድ፦ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ለመጪው የፊልም ምሽት የተመረጠው ጆርጅ ሮሜሮ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1968 በፒትስበርግ ከተማ ፉልተን ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» መሆኑን ታውቃላችሁ። ረቂቁ እንደሚለው ፊልሙ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ተጽፎበት ይታያል፤ ከዚያም ስለ ዛሬዎቹ የዞምቢ (ተነሥቶ ሰው የሚበላ ሙት) ፊልሞች ምንጭነቱ የአንድ ሰዓት ውይይት ይደረጋል። የፒትስበርግ የማስታወቂያ ፊልም ሠሪዎች በ114 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሊፈርስ በተወሰነ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ የሠሩት ሥራ ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደ ቆየ የሚያስረዳው ክፍል ገና አልተሟላም። በእርሱ ላይ፣ በቅጂው ምርጫና በትርጉሙ ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

ለቆየበት ምክንያት ረቂቁ የሚያነሣው የታሪኩን አስፈሪነት ብቻ ነው። እኔ ግን ግማሹን መልስ የማገኘው በአንድ የጽሕፈት ግድፈት ውስጥ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ «የሥጋ በላዎች ሌሊት» ይባል ነበር፤ አከፋፋዩ ስሙን ሲቀይር የባለቤትነት ማስታወቂያው ተጽፎበት የነበረውን የርዕስ ምስል አውጥቶ በአዲስ ተካው፣ ማስታወቂያውን ግን በአዲሱ ላይ መልሶ አልጻፈም። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ያለ ማስታወቂያ ለሕዝብ የተሰራጨ ሥራ የባለቤትነት መብቱን ያጣ ስለ ነበር፣ ማንኛውም የቴሌቪዥን ጣቢያና የቪዲዮ ነጋዴ ፊልሙን ያለ ክፍያ ሲያባዛና ሲያሳይ ኖሯል። ሠሪዎቹ ሊያገኙት ይገባ የነበረውን ብዙ ገንዘብ አጡ፤ ፊልሙ ግን ከቤት ቤት ገባ። እኛም ያለ ፈቃድ ልናሳየው የቻልነው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህ ነገር በዕቅዱ መግቢያ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።

ቅጂውን በተመለከተ፣ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና የፊልም ፋውንዴሽን ከመጀመሪያው ኔጌቲቭ ተነሥተው ያደሱት ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርቧል። ጥራቱ ከአሮጌዎቹ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ያንን ከመያዛችን በፊት የታደሰውን ቅጂ አከፋፋይ በደብዳቤ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

አንድ አባል፦

የገንዘብ ያዣችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። በውይይቱ ክፍል ግን መጀመሪያ መነሣት ያለበት ዱዌን ጆንስ የተጫወተው ዋናው ገጸ ባሕርይ ቤን ነው። በፊልሙ ድርሰት ላይ ቤን ንግግሩ ሻካራ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጆንስ ግን ቃላቱን ራሱ እያረመ አስተዋይና የተማረ ሰው አደረገው። ጥቁር ሰው፣ ከሙታኑ የሸሹ ነጮች በሞሉበት ቤት ውስጥ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ያውም ስለ ቀለሙ አንድም ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በዚያ ዘመን ማየት እንግዳ ነገር ነበር።

በብዙ ጽሑፎች ላይ ፊልሙ ለዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል የተሰጠ መልስ ተደርጎ ሲቀርብ አያለሁ። ዕቅዳችን ይህን ስሕተት እንዳይደግም አደራ እላለሁ። ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ሮሜሮና ባልደረባው ያለቀውን ፊልም በመኪና ጭነው ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዙ ነው የግድያውን ዜና በሬዲዮ የሰሙት። ቤን ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ተርፎ ሲነጋ፣ ሙታኑን ለማጥፋት በሸሪፍ (በአካባቢው የፖሊስ አለቃ) እየተመሩ በመጡ የታጠቁ ሰዎች ጥይት ይወድቃል፤ ፊልሙም አስከሬኑ በሥጋ መንጠቆ ሲጎተት በሚያሳዩ ፎቶግራፎች ያበቃል። ሠሪዎቹ ያላሰቡትን ትርጉም ዘመኑ ጨመረበት ማለት ይበልጥ ትክክል ነው።

የትርጉም ክፍል ተጠሪ፦

እኛ አሁን የተጋጨነው በአንድ ቃል ነው። በፊልሙ ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል ከቶ አይነገርም። ቃሉ የመጣው ከሄይቲ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣው «ነጭ ዞምቢ» ፊልም ውስጥ እንኳ ትርጉሙ በጠንቋይ የሚታዘዝ ባሪያ ነበር፤ ሰው አይበላም። ሮሜሮ ጌታቸውን አስወግዶ መብላትን ሰጣቸው፣ በቴሌቪዥን ዜና አንባቢው አንደበትም «ጉል» አላቸው፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በአማርኛ ምን እንበላቸው? ከመካከላችን ሁለቱ «ጭራቅ» ይሁን ይላሉ። በልጅነታችን ተረት የሰማነው ሰው በላ ጭራቅ ስለሆነ ማንም ሳይቸገር ይረዳዋል የሚል ነው ክርክራቸው።

አንዲት አባል፦

ለትርጉም ክፍሉ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ጭራቅን እቃወማለሁ። ጭራቅ ከጫካ የሚመጣ ባዕድ ነው፤ ትናንት ወንድም ወይም ልጅ ሆኖ አያውቅም። የዚህ ፊልም ድንጋጤ ግን ከዘመድ የሚመጣ ነው። ከሙታኑ ሸሽታ ወደ ቤቱ የገባችውን ባርብራን በመጨረሻ ከቤት የሚጎትታት በመቃብር ስፍራው የሞተው ወንድሟ ጆኒ ነው፤ በምድር ቤት የተኛችው ሕፃን ካረንም ተነሥታ የአባቷን ሥጋ ስትበላ፣ እናቷንም በግንበኛ ማንኪያ ወግታ ስትገድል እናያለን። «ጭራቅ» ካልን ይህ ሁሉ ይጠፋል። በእኔ አስተያየት «ሙት» እና «ሙታን» ይበቃሉ።

አንድ አባል፦

ታላላቆቻችንን አንድ ነገር ላሳስብ። «ሙታን ተነሡ» የሚል ጽሑፍ በስክሪን ላይ ሲያነቡ ትንሣኤ ሙታንን የሚያስቡ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። እንዲቀር አልልም። በመግቢያው ንግግር ላይ ግን ፊልሙ ስለ እምነት እንደማያወራ፣ የሙታኑን መነሣት ከቬነስ በተመለሰች ሳተላይት ጨረር እንደሚጠረጥርና እርሱንም በእርግጠኝነት እንደማይናገር አንድ ሰው በትሕትና ቢያስረዳ መልካም ነው። ልጆችም አይግቡ። በአሜሪካ የፊልም የዕድሜ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ፊልሙ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ስለሆነ፣ ያኔ በቀን ትርኢት ላይ ትንንሽ ልጆች ገብተው ሲያለቅሱ እንደ ነበር የፊልም ሐያሲው ሮጀር ኢበርት ጽፏል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የዕድሜ ገደቡ 18 ዓመት እንዲሆንና የመግቢያው ንግግር እንዲጨመር ተስማምተናል። የፊልሙ መክፈቻ የተቀረጸበትን፣ በኢቫንስ ሲቲ የሚገኘውን የመቃብር ስፍራ የመጎብኘት ሐሳብ ከዋሽንግተን ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚያስነዳ ለጊዜው ይቆይ። (ሐሳቡን ያመጡት ራሳቸው ለመንዳት ፈቃደኛ እንዳልሆኑ ነግረውናል።) እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የሮሜሮ ፊልም፣ የሞንሮቪል የገበያ አዳራሽን ካሳየው፣ ጥቂት ትዕይንት ይጨመር የሚለውን ግን አልተቀበልንም፤ ያኛው መብቱ የተጠበቀ ነው፤ በቃል ብቻ ይጠቀስ። ቃሉን በተመለከተ የትርጉም ክፍሉ የመጨረሻ መልሱን ያሳውቀን።

የትርጉም ክፍል ተጠሪ፦

ፊልሙን ትናንት እንደገና ካየን በኋላ «ሙት» ላይ ተስማምተናል። የወሰነልን የሸሪፉ የመጨረሻ ንግግር ነው። ቤን በጥይት ሲወድቅ ሸሪፉ፣ እንደ እኛ አተረጓጎም፣ «ሞቷል፤ ሄደን እናምጣው፤ ለእሳቱ አንድ ተጨመረ» ይላል። እስከዚያ ድረስ «ጭራቅ» እያልን ብንመጣ ኖሮ፣ ተመልካቹ ሸሪፉ ቤንን ከጭራቆቹ ጋር መቁጠሩን የሚያውቅበት ቃል አይኖርም ነበር፤ ወይም እኛ ራሳችን በሸሪፉ አፍ ያልተባለ ቃል መጨመር ይኖርብን ነበር። «ሙት» ብለን ከመጣን ግን «ሞቷል» የሚለው አንድ ቃል ሰውየውንም ከእነርሱ መቆጠሩንም ይይዛል። የሙሉውን ጽሑፍ ረቂቅ የፊታችን እሑድ እንልካለን፤ 96 ደቂቃ ስለሆነ ሁለት አራሚዎች ቢመደቡልን እንወዳለን።

ገንዘብ ያዥ፦

አንዱ እኔ ልሁን። ለአከፋፋዩ የሚላከውን ደብዳቤም ዛሬ አዘጋጃለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልመጣ በአሮጌው ቅጂ እንቀጥላለን።