ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል የሚሠሩ ነፃ የማስተማሪያ መሣሪያዎች የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር (አዘዞ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ እንጂ ኬሚካል የለውም፤ ያለችው አንዲት ፕሮጀክተርም በዲፓርትመንቶች መካከል በተራ የምትዞር ናት። ተማሪዎች ስልክ ይዘው ወደ ግቢ መግባት አይፈቀድላቸውም።

ስለ ነፃ የማስተማሪያ ድረ ገጾች የተጻፉ ዝርዝሮችን ሳገላብጥ፣ አብዛኞቹ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒዩተርና የማይቋረጥ ኢንተርኔት እንዳለ ቆጥረው የሚጀምሩ ሆነው አገኘኋቸው። ነፃ ተብለው የተጠቀሱትም ቢሆኑ ጥቂት ከሠሩ በኋላ ክፍያ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ ያለ ኢንተርኔት በማይከፈት ነገር ላይ መደገፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠበብ ያለ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር ብቻ ክፍሉን ሁሉ ሊያሳትፍ የሚችል፣ በእርግጥም ነፃ የሆነ ነገር በተግባር የተጠቀማችሁ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (ማራኪ)

መምህር፣ ለጥያቄዎ የመጀመሪያው መልስ ፌት ይመስለኛል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ነው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የባዮሎጂ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም በኮምፒዩተር ላይ እየነካኩ የሚሞከሩ ማሳያዎች፣ አሉት። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ እያንዳንዱ ሲሙሌሽን ራሱን የቻለ አንድ ፋይል ሆኖ መውረዱ ነው፤ በፍላሽ ይዘውት ሄደው በማንኛውም ብራውዘር ይከፍቱታል፣ ኢንተርኔትም ሆነ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ከቆዩት መካከል ጃቫ የተባለውን ፕሮግራም የሚፈልጉ ስላሉ፣ ሲያወርዱ ኤችቲኤምኤል5 የሚል ምልክት ያለባቸውን ይምረጡ።

ለ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠኛውን አስቀድመው ይዩት። አሞኒያ የሚሠራበትን እኩልታ ሲከፍቱ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በግራ፣ አሞኒያ በቀኝ ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዱ ፊት ያለውን ቁጥር ከፍ ሲያደርጉ ሞለኪውሎቹ በሳጥኑ ውስጥ አንድ በአንድ እየተጨመሩ ይታያሉ። የአተሞቹን ብዛት በሚዛን መልክ የሚያሳየውን ምርጫ ካበሩት፣ ናይትሮጅን 1፣ ሃይድሮጅን 3፣ አሞኒያ 2 ላይ ሲደርስ ሁለቱ የሚዛን ክንዶች ይስተካከላሉ። ተማሪዎቻችን እኩልታ አመጣጥኑ ሲባሉ ከፊት ያለውን ቁጥር ትተው ከሥር ያለውን ትንሹን ቁጥር እንደሚለውጡ ያውቃሉ፤ ሲሙሌሽኑ ይህን ፈጽሞ ስለማይፈቅድ፣ ጠመኔ ይዘን ደጋግመን የምናስረዳውን ነገር ተማሪው ራሱ እየሞከረ ይደርስበታል።

እኔ በብዛት የምጠቀመው የኤሌክትሪክ ዑደቱን ነው። ባትሪውን፣ ሽቦውንና አምፖሉን እየጎተቱ ያገናኛሉ፤ ሽቦውን ከባትሪው ጫፍ እስከ ጫፍ ያለ አምፖል ካገናኙት ባትሪው በእሳት ይያያዛል፣ ክፍሉም በሳቅ ይሞላል። በእውነተኛ ባትሪ ልናሳይ የማንደፍረውን ሾርት ሰርኪዩት በዚህ መንገድ ያለ ስጋት እናሳያለን። ሳንቲም፣ እርሳስና ላጲስ በሽቦው መካከል እየገቡ የትኛው ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ መፈተንም ይቻላል። እኔ ከመጫኔ በፊት ምን እንደሚሆን ተማሪዎቹ በደብተራቸው እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ይህ ካልተደረገ ሲሙሌሽኑ ቪዲዮ ከማየት አይለይም። ድሮ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት አስተማሪውን ሳይጠብቅ ይሮጥ የነበረውን የሚያስታውስ መምህር፣ በፈለገበት ቦታ አቁሞ መጠየቅ መቻል ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ይገባዋል።

አንዳንዶቹ ሲሙሌሽኖች በአማርኛ ተተርጉመዋል። በሁለተኛ ደረጃ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ሲጀመር መጀመሪያ አማርኛውን ከፍቶ ማሳየት ይረዳል።

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር (አራዳ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ካለው ከአንድ ፕሮጀክተር ያለፈ ነገር ማድረግ ይቻላል። ኮሊብሪ የሚባለው ሶፍትዌር ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተብሎ የተሠራ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫንና ያ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይሆናል፤ ሌሎቹ በኬብል ወይም በዋይፋይ ከእርሱ ጋር ይገናኙና በብራውዘር ይከፍቱታል። ተማሪዎች ስልክ ስለማያስፈልጋቸው የመምህሩን የስልክ ችግር በዚህ ማለፍ ይቻላል። ይዘቱ ካን አካዳሚ የተባለውን ነፃ የቪዲዮ ትምህርት ስብስብ፣ ፌትንና ሌሎችንም ያካትታል፤ መምህሩ ለክፍሉ ትምህርትና ፈተና አዘጋጅቶ እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደደረሰ ይከታተላል።

ከባዱ ሥራ ይዘቱን የማውረዱ ነው። የካን አካዳሚ ሙሉ ስብስብ በቪዲዮ ብዛት የተነሣ በብዙ አሥር ጊጋባይት ስለሚለካ ሁሉንም አውርዳለሁ ብሎ መነሣት አያዋጣም። ኮሊብሪ ምዕራፍ በምዕራፍ መምረጥን ስለሚፈቅድ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ አውርዶ በሃርድ ዲስክ መውሰድ ይሻላል፤ ከሃርድ ዲስኩ ወደ ትምህርት ቤቱ ሰርቨር ለማስገባት ኢንተርኔት አያስፈልግም። የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከእኛ መጽሐፍ ጋር አንድ ባለመሆኑ፣ የትኛው ቪዲዮ ለየትኛው ዩኒት እንደሚሆን በዲፓርትመንት ደረጃ ተቀምጦ መለየት የግድ ነው። ይህ ሥራ ካልተሠራ ተማሪው በይዘቱ ብዛት ይጠፋል።

ኪዊክስንም አይርሱት፤ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችል ነው። የእንግሊዝኛው ሙሉ ውክፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን በጣም ያነሰ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ላልጠነከረ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በእኔ ግምት ከሙሉው ይልቅ ይጠቅማል። የአማርኛው ውክፔዲያ ጽሑፎቹ ጥቂት ስለሆኑ በስልክም ይያዛል።

ጠያቂው፦ የኬሚስትሪ መምህር (አዘዞ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ተረድቶ እንደሆነ ያለ ተማሪ ስልክ የምለካበት መንገድ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ እነዚህን ፋይሎች በፍላሽ እየገለበጥኩ ለሌሎች መምህራን ብሰጥ የባለቤትነት መብት ጥያቄ አያስነሣም ወይ?

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት (ፒያሳ)

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ፕሊከርስ የሚባለውን ይሞክሩት። ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ይሰጣል፤ የወረቀቱ አራት ጎኖች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንደማለት ናቸውና ተማሪው የመረጠውን መልስ ወደ ላይ አዙሮ ያነሣል። መምህሩ በራሱ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ፣ ማን ምን እንደመለሰ በስልኩ ላይ ይመዘገባል። ቅርጾቹ ስለሚለያዩ አንዱ ከሌላው መቅዳት ይቸግረዋል፤ ለተከታታይ ምዘናም ያመቻል። በደረቅ ካርቶን ካስለጠፏቸው ዓመቱን ሙሉ ያገለግላሉ። ጥያቄዎቹ በድረ ገጹ ስለሚዘጋጁ ስልክዎ ላይ ዳታ ያስፈልጋል፤ በነፃው አገልግሎት ላይም ገደብ ስላለ እርስዎ የጠየቁትን በሙሉ አያሟላም። ዳታ በሌለበት ቀን በአራት ቀለም የተቆረጠ ወረቀት ማስነሣት ያው ሥራ ይሠራል፣ ምዝገባው ብቻ ይቀራል።

ለሒሳብ ባልደረቦችዎ ደግሞ ጂኦጀብራን ይንገሩልኝ። ማርኩስ ሆሄንቫርተር የተባሉ ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሲሆን፣ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ነፃ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍ በእኩልታው ያሉት ቁጥሮች ሀ፣ ለ እና ሐ ሲቀየሩ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚገለበጥ በጥቁር ሰሌዳ ለማሳየት አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም፤ እዚህ ግን ቁጥሩን በማንሸራተት ብቻ ወዲያው ይታያል።

መልስ፦ የአማርኛ መምህርት (አንደኛ ደረጃ)

ውይይቱ በሳይንስ ላይ ብቻ እንዳይቀር ጥቂት ልበል። ለታችኛው ክፍል ንባብ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ድረ ገጽ በአማርኛ የተጻፉ ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮች አሉት፤ አውርዶ ማተም ይፈቀዳል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ትርጉም አማርኛው የሻከረ ስለሆነ ከመታተሙ በፊት ይነበብ። ፈቃዱ አስተካክሎ መጠቀምን ስለሚጨምር፣ እኔ ዓረፍተ ነገሮቹን ልጆቹ በሚናገሩት አማርኛ አቃንቼ ነው የማሳትማቸው።

የፈተና ወረቀት ሲጻፍ ደግሞ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ምትክ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ በሚነበበው የፊደል አሠራር በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ያለበለዚያ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች በነፃ የሚወርዱ ናቸው፤ ለመተየብ ኪይማንም እንዲሁ ነፃ ነው።

መልስ፦ የታሪክ መምህር (ጎንደር)

አንድ ብቻ ልጨምር። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን ምስል በድረ ገጹ ላይ አኑሯል፤ ተመዝግቦ ማየት በነፃ ነው። ስለ ጎንደር ዘመን ሲያስተምሩ የዚያን ዘመን ብራና አንድ ገጽ በፕሮጀክተር አሳይቶ፣ ቀይ ቀለም የት የት እንደገባ ተማሪዎቹን ማስፈለግ ይቻላል። ፋሲል ግንብን በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፍ ልጅ፣ በዚያ ዘመን ምን ይጻፍ እንደነበር ግን አይቶ አያውቅም።

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር (አራዳ)

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፦ የፌት ሲሙሌሽኖችን ምንጩን ጠቅሶ ለክፍል ትምህርት መቅዳትና ለሌላ መምህር መስጠት የተፈቀደ ነው። የውክፔዲያ ጽሑፍም ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ በነፃ ይሰራጫል፤ ጽሑፉን ለውጠው ካሰራጩት በዚያው ፈቃድ ያሰራጩት። የካን አካዳሚን ቪዲዮዎች ለሽያጭ ማዋል ግን አይፈቀድም፤ በፍላሽ ጭኖ ለተማሪ መሸጥም በዚሁ ይቆጠራል። ፋይሎቹን ለባልደረቦችዎ ሲሰጡ የእንግሊዝኛውን ረጅም ስም ትተው በክፍልና በዩኒት ቢሰይሙላቸው፣ ፕሮጀክተሯ ተራ በደረሳቸው ሰዓት ፋይል ፍለጋ ጊዜ አያባክኑም።