የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በማስታገሻ ሕክምና እዚያው ሥራቸው ላይ ማብቃት የሚቻለው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ነርስ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በነርስነት የምሠራ ስሆን፣ በሥራችን ያሉትን ጤና ኬላዎች እየዞርኩ መደገፍም የእኔ ኃላፊነት ነው። በቀበሌዎቻችን «ከእንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷቸው» ተብለው ከሆስፒታል የተመለሱ፣ አብዛኞቹም የማሕፀን በር ወይም የጡት ካንሰር ያለባቸው ሕመምተኞች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ስለ ማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ስቃይ ስለማቅለል፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሲሆን፣ ስለተማሩት ሲጠየቁ በደንብ ይመልሳሉ። አብሬያቸው ወደ ሕመምተኛ ቤት ስሄድ የማየው ግን ሌላ ነው። ደጃፍ ላይ ቆመው «እንዴት ነዎት?» ይላሉ፤ ሕመምተኛዋ «ተመስገን» ትላለች፤ መዝገቡ ላይ እንደተጎበኘች ይጻፍና ወደሚቀጥለው ቤት ይታለፋል።

ሌላ ሥልጠና እንዲሰጣቸው ከመጠየቅ ይልቅ አብሬያቸው እየዞርኩ ላበቃቸው አስቤአለሁ። ከምን ልጀምር? ከእነርሱስ ምን ያህል ልጠብቅ? የምንጠቀምበት የድጋፋዊ ክትትል ቅጽ በእናቶች ጤና፣ በክትባትና በመጸዳጃ ቤት ላይ ያተኮረ በመሆኑ ለዚህ የሚረዳ ነገር አላገኘሁበትም።

መልስ፦ የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ሲስተር፣ ያዩት ነገር የዕውቀት ጉድለት ስላልሆነ ሌላ ሥልጠና ላለመጠየቅ መወሰንዎ ትክክል ይመስለኛል። በአገራችን ለሰላምታ የሚሰጠው መልስ ምስጋና ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትቃትት ያደረች እናት እንኳ፣ ሕመሟን በሰው ፊት መዘርዘር ፈጣሪን ማማረር ስለሚመስላት «ተመስገን» ብላ ታልፋለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ጥያቄው ነው። «ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት?»፣ «ሲገላበጡ የሚብስብዎት የት ላይ ነው?»፣ «ሆድዎ ከወጣ ስንት ቀን ሆነው?» ተብላ የተጠየቀች ሕመምተኛ በምስጋና ብቻ ልትመልስ አትችልም። እነዚህን ለመጠየቅ ደግሞ መቀመጥ ያስፈልጋል። ደጃፍ ላይ ተቁሞ የሚጠየቁ አይደሉም።

ቀጥሎ ሕመሙን በጣት መለካት ይለማመዱ። የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም ማለት ነው፤ አምስቱም ጣቶች ሲዘረጉ ከዚህ የባሰ ሕመም የለም ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያዘጋጀው መለኪያም ከ0 እስከ 5 በሚሰጥ ነጥብ የሚሠራ ሲሆን፣ ከ10 ጥያቄዎቹ ውስጥ 7ቱ ለሕመምተኛው፣ 3ቱ ለአስታማሚው የሚቀርቡ ናቸው። ሠራተኞቹ አስታማሚዋን ጭራሽ ሳያናግሩ እንዳይወጡ ይህን አጥብቀው ይያዙት፤ ብዙ ጊዜ እርሷም ከእንቅልፍ የተለያየች ናት።

አብሮ በመዞር ስለማብቃት አሠራሩን ላስረዳ። ወደ ቤቱ ከመግባታችሁ በፊት በዚያ ቀን የምትለማመደውን አንድ ነገር ብቻ ከሠራተኛዋ ጋር ተስማሙ፤ ለምሳሌ ሕመሙን መለካት፣ ወይም አፍ ማጽዳትን ለአስታማሚ ማሳየት። ቤቱ ውስጥ ሥራው የእርሷ ነው። እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ፣ ሕመምተኛዋ ፊቷን ወደ እርስዎ ብታዞር እንኳ መልሱን ለሠራተኛዋ ይተዉላት፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልገጠመ በቀር በሰው ፊት አያርሟት። ከወጣችሁ በኋላ መንገድ ላይ በመጀመሪያ «አንቺ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ብዙውን ጊዜ ስሕተቷን ራሷ ታነሣዋለች። እርስዎ የሚጨምሩት አንድ ነጥብ ብቻ ይሁን፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ደግሞ ከዚያው ነጥብ ይጀምሩ። በአንድ ቀን አሥር ነገር የታረመች ሠራተኛ እርስዎ በሌሉበት ቀን አንዱንም አትሠራውም።

ከእነርሱ የሚጠበቀው መጠየቅ፣ መለካት፣ የታዘዘው መድኃኒት በአግባቡ መወሰዱን ማየት፣ መንቀሳቀስ የማይችለውን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥን ለቤተሰቡ ማሳየት፣ እንዲሁም የከፋውን ለእርስዎ ማሳወቅ ነው። የሚሸት የካንሰር ቁስል ላይ የደቀቀ የሜትሮኒዳዞል እንክብል መነስነስ ሽታውን በእጅጉ ስለሚቀንሰው፣ እርስዎ በጉብኝቱ ላይ አድርገው ቢያሳዩ ትልቅ እርዳታ ነው። በሽታው ጎረቤትን የሚያሸሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ሽታ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ደቡብ ወሎ

ዶክተር ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልስማማበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 ፓኬጆች (የሥራ ዘርፎች) ነበሩት፤ ሁለት ሴቶች እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲሠሩ ታስቦ፣ ከጊዜ በኋላም ሥራው እየተደራረበ መጥቷል። ይህም ቢሆን ደጃፍ ላይ የሚያስቆመን ዋናው ምክንያት የጊዜ እጥረት አይደለም። ሕመምተኛዋን ጠይቄ አምስት ጣት ካሳየችኝ በኋላ በእጄ ያለው ፓራሲታሞል ብቻ ከሆነ፣ ያን መስማት ለእርሷም ለእኔም ጭካኔ ይሆናል። እኛ የተመለመልነው ከዚያው ቀበሌ ነው፤ ሕመምተኛዋ አክስታችን ወይም የክርስትና እናታችን ልትሆን ትችላለች፤ ነገ ቀብሯ ላይ የምንቆመውም እኛው ነን። መልስ የሌለውን ጥያቄ ላለመጠየቅ «ተመስገን» የሚለውን ተቀብሎ ማለፍን የምንለምደው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ጥያቄ ማስተማር ከመጀመርዎ በፊት ቃል ይግቡላቸው። «ሦስት ጣትና ከዚያ በላይ ካሳየች ደውሉልኝ፤ በዚያው ቀን መልስ እሰጣችኋለሁ» ይበሏቸው፤ ያሉትንም ያድርጉት። መልሱ ሁልጊዜ መድኃኒት ላይሆን ይችላል፤ ምክር ወይም የሪፈር ወረቀት ሊሆን ይችላል። ወደ ሆስፒታል የላክናት ሴት ምን እንደተደረገላት ግን ተመልሶ ይነገረን። ሕመምተኛዋ ስታርፍም ሠራተኛዋን ሳይጠሩ አይለፉ፤ የለቅሶው ሰሞን እንዴት እንዳለፈ ይጠይቋት፤ ለዚህ ቅጽ አያስፈልግም። ማገላበጡንና ውኃ መቅዳቱን ደግሞ እድሩ እንዲያግዝ ሠራተኛዋ ብትጠይቅ ታገኛለች፤ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ የእኛ እድሮች ሰው ሲሞት ብቻ እንዲደርሱ የተወሰነባቸው አይደሉም።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል

እህታችን ያነሡት መልስ አብዛኛውን ጊዜ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙት በሕግ ፈቅዳለች። በእናንተ ዘንድ ግን ሲስተር፣ የመጀመሪያው ሥራዎ በአቅራቢያዎ ሞርፊን ያለው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ፣ ማን እንደሚያዝዘውና ቤተሰብ በስንት ቀኑ እየመጣ እንደሚወስድ አጣርቶ መያዝ ነው።

ሠራተኞቹ በቤት ውስጥ የሚያዩት ቀላል ነው። ፈሳሹ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ የሚወሰድ እንጂ ሲያም ብቻ የሚወሰድ አይደለም፤ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12 እና ሌሊት 4 ሰዓት ብላችሁ ለአስታማሚዋ በስልኳ ማስታወሻ ሙሉላት። ሐኪሙ የመኝታውን መጠን እጥፍ አድርጎ ካዘዘው እንቅልፍ ሳይቋረጥ እስከ ንጋት ያደርሳል። መድኃኒቱ የሆድ ድርቀት ሳያመጣ የሚቀርበት ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ እንደ ቢሳኮዲል ያለ የሆድ ማለስለሻ አብሮ መታዘዙን ሠራተኛዋ ትጠይቅ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድብታ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ፤ ሕመምተኛው ለመንቃት ካስቸገረና አተነፋፈሱ እጅግ ከዘገየ ግን ወዲያው ይደወልላችሁ። በየጉብኝቱ ጠርሙሱን ታንሣና ምን ያህል እንደቀረ ትይ፤ ከሚገባው በላይ ከተረፈ ቤተሰቡ «ሱስ ያስይዛታል» በሚል ፍርሃት እየቀነሰ ይሰጣል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለስቃይ በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ ሞርፊን እንዲህ የሚያስፈራ አለመሆኑን ሠራተኛዋ ስታስረዳቸው ያኔ ነው የሚሰሟት።

ጠያቂ፦ ነርስ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስልኩን ቃል ነገ ስብሰባ ላይ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ሞርፊኑም የዞኑን ሆስፒታል እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤተሰብ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሯት» ብሎ ሠራተኛዋን ሲያስምላት ምን ትበል?

መልስ፦ የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም፣ አዲስ አበባ

አትማል፤ ቤተሰቡንም አትጋፋ። «ሳትጠይቀኝ አልነግራትም፤ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም» ትበልና የሚፈሩት ምን እንደሆነ ታዳምጣቸው። ከሕመምተኛዋ ጋር ስትሆን ደግሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ተነገረዎት?» ብላ ትጠይቃት። ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ብለው ነው ዝም የሚሉት። መጠየቅ የጀመረች ሕመምተኛ ስትኖር ያን ውይይት ሠራተኛዋ ብቻዋን እንዳትሸከመው እርስዎ አብረዋት ይግቡ።